ውሃና ችካል

ድርቤ ትርፉ ውሃ በሚወጣበት በግድቡ ማስተንፈሻ አፍ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ግማሽ ውሃ የያዘውን ጠርሙስ ድንጋዩ ላይ አቆመች። አንድ ዓይኗን ጨፍና በውሃው ልክ ወደ ማዶ አየች። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አየች። ያው ነው። መስመሩ ከእናቷ መቃብር በላይ ያልፋል።

ችካሉ ግን ከመቃብሩ በታች ተተክሏል።

«ወይ ጉድ!» አለች ብቻዋን።

ግድቡ የሚሠራው ለነቀምቴ ነው። ሁለቱን ኮረብታ በሸክላ አፈርና በድንጋይ አገናኝተው ወንዙን ሲያቆሙት ከተማው ሐይቅ ይኖረዋል፤ ንጹሕ ውሃም በቧንቧ ይገባለታል። ቀያሹ አቶ መሸሻ ትምህርት ቤት መጥተው የጠርሙሱን ዘዴ ያሳዩ ዕለት፣ «ውሃው እስከ ማስተንፈሻው አፍ ይሞላል፤ ችካሎቹ የሐይቁን ዳር ያሳያሉ» ብለው ነበር። ከችካሉ ወደ ወንዙ ያለ መቃብር ክረምት ሳይገባ ይነሳል። ድርቤ ያን ቀን ለግድቡ አጨብጭባለች። እናቷን የገደላት የወንዙ ውሃ ያመጣው ተቅማጥ ነበራ።

ቤት ስትደርስ አባቷ ኦቦ ጨመዳ ደጅ ተቀምጠው የዶማ እጀታ ይጠርባሉ።

«አባኮ፣ ችካሉን እርስዎ ነቅለውታል እንዴ?»

አባቷ ፈገግ አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል! ቀላድ ጣዮቹ መሬታችንን በገመድ ሲለኩ አባቴ አጠገብ ቆሜ ነበር። ችካሏን ገፋ፣ ገፋ አደረጓት፤ በቃ፣ ማሳችን የሰው ሆነ። ዛሬ እኔም ገፋኋት። እናትሽ ከችካሉ ወዲህ ናት፤ ከእንግዲህ የሚነካት የለም።»

ጎረቤቶች ሁሉ ሙታናቸውን ወደ ኮረብታው እያወጡ ነው። ዝም ብትል አባቷ እስከ ክረምት እንደዚህ ፈገግ ይላሉ። ከዚያስ? አይ አባቴ፣ ምነው ባላየሁ ኖሮ!

ጠርሙሱን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«እስቲ ያዘንብሉት።»

አዘነበሉት። ጠርሙሱ ተጋደመ፤ ውሃው ግን ልኩን ይዞ ተኛ። ወደ ሌላው ጎን አዘነበሉት።

«ከግድቡ ሆኜ ለካሁት» አለች ድርቤ። «ውሃው ችካሉን አያይም፣ አባኮ። እሷ ጋ ይደርሳል።»

ኦቦ ጨመዳ ጠርሙሱን ደጋግመው አገላበጡት። ፈገግታቸው ጠፋ። ያን ፈገግታ ልትመልስላቸው ብትችል ምን ባልሰጠች!

«ሁለተኛ ልቅበራት?» አሉ በመጨረሻ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ።

ድርቤ ከጓዳ ሁለተኛውን ዶማ አመጣች።

«ተይው፤ ሴት ልጅ መቃብር አትቆፍርም» አሉ አባቷ።

«እናቴ ናት» አለች፤ ዶማውንም ትከሻዋ ላይ አድርጋ እስኪነሱ ቆማ ጠበቀቻቸው።