የተላጨ አንገት

«ጠበቅ አድርገሽ ያዣት፤ ምላጩ እንዳይቆርጣት» አለ ፈንታሁን።

ሂንድ የበጓን ጭንቅላት በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ያዘች። በጓ ዳልቻ ናት፤ የራሳቸው የቤታቸው በግ። ትናንት አመሻሽ ላይ አባቷ ከጎረቤት ከተዋሳቸው በጎች ጋር ነድቶ ወደ ምርምር ጣቢያው አምጥቷታል። ፈንታሁን በሳሙና ያራሰውን የአንገቷን ጸጉር ላጭቶ ጨረሰ። ከዚያ ከአንዲት የታመመች በግ ላይ የፈታውን ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ በገመድ አሰረላት።

«ይኸው፣ ዳልቻም ዩኒቨርሲቲ ገባች!» ብሎ ሳቀ። 

ፈንታሁን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ ያለችውን ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ የሚመራ ወጣት ተመራማሪ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር በተገዙ በጎች ላይ የጉበት ትል መድኃኒት ይሞክራል፤ በየሳምንቱም ከአንገታቸው ደም ይቀዳል። የሂንድ አባት ኢስሃቅ የጣቢያው ዘበኛ ነው። ሂንድ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ለሚኒስትሪ ፈተና ሳይንስ የሚያስጠናት ፈንታሁን ነው።

ነገሩ የተበላሸው የውሃው ፓምፕ ሲሰበር ነበር። ፈንታሁን ለዩኒቨርሲቲው ደጋግሞ አመለከተ፤ የመጣ ሰው የለም። ከምንጭ በጀሪካን የሚቀዳው ውሃ አልበቃ አለ። መድኃኒቱን የወሰዱት በጎች ከሱ፤ አንዳንዶቹም መቆም አቃታቸው። በዚህ መሀል የምርምር እንስሳትን አያያዝ የሚቆጣጠር ሐኪም ከመንግሥት ተልኮ እንደሚመጣ ተሰማ።

«ለዛሬ ጠዋት ብቻ ነው ሂንዴ» አላት ፈንታሁን። «የታመሙትን በመኖ መጋዘኑ ውስጥ ዘግቼባቸዋለሁ። ሰዎቹ በማለዳ መጥተው ይሄዳሉ፤ ወዲያው አወጣቸዋለሁ።»

«ቢያውቁብዎስ ጋሼ?»

ፈንታሁን ምላጩን በጨርቅ ጠረገ። «አሻጥር ነው የሚሉት። የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊው ምን እንደሆነ አይተሻል።»

አይታለች። ሰውየውን ከቤቱ ደጃፍ በላንድሮቨር ወሰዱት፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ መኪና በሰማች ቁጥር ወደ መንገድ ትወጣለች።

«አብሽሪ» አላት ፈንታሁን፣ ፊቷን አይቶ። «ከጠየቁሽ የምመግባቸው እኔ ነኝ በይ። በቃ።»

ማለዳው አለፈ። መኪና አልመጣም። ፀሐይዋ ወደ አናት ስትጠጋ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ መንጣጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከውስጥ የበጎቹ ጩኸት ይሰማ ነበር። ቀጥሎ በሩን በግንባር የመግጨት ድምፅ ሆነ። ከዚያ እሱም ቆመ። ሂንድን ያስፈራት ዝምታው ነው።

«ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ውሃ ብቻ ልስጣቸው።»

«አሁን ከተከፈተ ማን መልሶ ያስገባቸዋል? መኪናው ከደሴ ተነስቷል ብለዋል።» እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ቁልፉ እዚያ ነው።

ሰዎቹ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ጎማ ፈንድቶባቸው ኖሯል። ሐኪሙ ዶክተር ማዕረግ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። አብሮት የመጣው ካድሬ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል፤ ፊቱን በመሀረብ ይጠርጋል።

«እንዴት ወፍረዋል ባካችሁ!» አለ ካድሬው በጎቹን እያየ። «የኛን ቀበሌ ሊቀመንበር ያስንቃሉ! በል ጓድ ዶክተር፣ ስብሰባ አለብን፤ ቶሎ በል።»

ዶክተር ማዕረግ የውሃ ገንዳውን ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የአንዱን በግ የዓይን ቆብ ገልብጦ አየ፤ የሌላውንም። ከዚያ አውራ ጣቱን በአንድ በግ የተላጨ አንገት ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ።

«ደም የሚቀዳው ከዚህ ነው?»

«አዎ፤ በየሳምንቱ» አለ ፈንታሁን።

«የመርፌ ጠባሳ ግን የለበትም።»

«ቆዳቸው... ቶሎ ይድናል።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ፈንታሁንን አየው። በዚህ ቅጽበት ዳልቻ ከመንጋው ተነጥላ ወጣች። በጎቹን ሁሉ አልፋ አጥሩ ጋ ወደቆመችው ሂንድ መጣችና አፍንጫዋን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሂንድ ሁልጊዜ ጨው የምትይዝላት እዚያ ኪስ ውስጥ ነው።

«ይቺ ደግሞ ዘመዷን አገኘች!» ብሎ ካድሬው ሳቀ።

ዶክተር ማዕረግ አልሳቀም። «ታውቅሻለች እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

ኢስሃቅ የግቢው በር ጋ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ፈንታሁን ግን ወደ ሂንድ አየ። ሰሌዳ ፊት ወጥቶ መልሱ እንደጠፋበት ተማሪ ነበር የሚያያት። ሂንድ መልሱን ታውቃለች፤ ጠዋት ራሱ ነግሯታል። «የምመግባቸው እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ማንም ያምናታል። መኪናው ይሄዳል።

ጆሮዋን ወደ መጋዘኑ አቀናች። ምንም የለም።

«የኛ ናት» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጎላ። «የቤታችን በግ ናት። ፓምፑ ተሰብሮ ነው። ጋሼ ስንት ጊዜ አመለከቱ፤ የመጣላቸው ሰው የለም።»

የካድሬው ሳቅ ተቋረጠ። «ምንድን ነው የምትለው ይቺ?»

«ትጨርስ» አለው ዶክተር ማዕረግ።

ሂንድ ግን ንግግሯን ጨርሳለች። ገንዳው አጠገብ የነበረውን ባልዲ ከገንዳው ውሃ ሞላችና በሁለት እጇ አንስታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ውሃው እየተረጨ እግሯን አራሰው። ዳልቻ ከኋላዋ ተከተለች። በሩ ጋ ስትደርስ ባልዲውን አስቀምጣ ዞረች። ሁሉም ባሉበት ቆመዋል።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ቁልፉን» አለች፤ እጇንም ዘረጋች።

ፈንታሁን ካድሬውን አየ። ሐኪሙን አየ። እጁ ኪሱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ።

ሂንድ የዘረጋችውን እጅ አላጠፈችም።