የስንቅ ዶሮ

ባላምባራስ ብርሃነ መስቀልን ያን ዕለት ከመኝታቸው ያስነሣቸው የሞት ወሬ ነው። ጣልያን ደብረ ብርሃን ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ ሁለተኛው ዓመት፣ ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በማግሥቱ፣ አንድ አርበኛ እያለከለከ ደጃቸው ደረሰ።

«ግራዝማች ኪዳነ ማርያም ሌሊቱን ሞቱ! ሚስታቸው በመርዝ ገደለቻቸው!»

«ሚስቱ ናት ያለው ማነው?»

«ጥላዬ ነዋ! ከምሰሶ ጋር አስሯታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እረሽናታለሁ ብሎ ምሏል።»

ባላምባራስ በጎረቤላ የዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲፈርዱ ጸጉራቸው የሸበተ፣ አንድ እግራቸው የሚያነክስ፣ ሰው ሲዋሻቸው ጆሯቸውን ያሳክካቸዋል እየተባለ የሚቀለድባቸው ሽማግሌ ናቸው። ያን ጠዋት ግን ማንም አልቀለደም። በትራቸውን ይዘው፣ ከአንኮበር በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለው የግራዝማች ቤት እያነከሱ ወረዱ።

ሬሳው መደብ ላይ በጋቢ ተሸፍኗል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ወልደተንሣኤ እግርጌው ተቀምጦ ጋቢውን ያስተካክላል፤ መልሶ ደግሞ ያስተካክላል። የሟቹ ሚስት ወለተሐና የፊጥኝ ታስራ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ምስኪን! ባሏን እንኳ በወጉ አላለቀሰችም። የግራዝማች ምክትል ጥላዬ ጠመንጃውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምኑ ይመረመራል፣ ባላምባራስ?» አለ። «ዶሮውን የጠበሰችው እሷ፣ ማድ ቤቱን ዘግታ የሠራችው እሷ! ማን ገብቶ ነው መርዝ የሚጨምረው?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ። ማን ማን በላ?»

«ግራዝማች፣ አያ ወልደተንሣኤና እኔ፣ ከአንድ ገበታ። ነጋዴው አብዱልጀሊልም ነበር፤ እሱ ሽሮ ነው የበላው። እንዲያውም እሱንም ጠርጥሬዋለሁ።»

«እስላም የክርስቲያን እርድ መቼ በልቶ ያውቃል? አለመብላቱ አያስጠረጥረውም። ይልቅ አንተ እንዴት ሳትሞት ቀረህ?»

ጥላዬ ይህን አላሰበበትም ነበር።

«የትኛው ብልት ለማን ደረሰ?»

«ለእኔ ቅልጥሙ፣ ለአያ ወልደተንሣኤ መላላጫው። ፈረሰኛው መቼም የአባወራ ነው፤ ለግራዝማች ቀረበ። ግራዝማች ግን ‹ጋሼ፣ ታላቄ አንተ ነህ› ብለው ለወንድማቸው ሰጡ። አያ እምቢ አሉ። ቆርሰው ሊያጎርሷቸው ቢሉም ‹ጠግቤያለሁ› አሉ። ኋላ ግራዝማች ራሳቸው በሉትና እየሣቁ ‹ምነው ወለተሐና፣ ዛሬስ አቃጠልሽኝ!› ብለው ውኃ ጠጡበት።»

«አንተንስ አቃጠለህ?»

«ኧረ የእኔስ ለስላሳ ነበር።»

ባላምባራስ ተንበርክከው ገበታው ሥር የወደቀውን አጥንት ለቃቀሙ። የቅልጥሙም የመላላጫውም አጥንት ቅቤ ብቻ ነው። የፈረሰኛው አጥንት ግን ስንጥቁ ውስጥ ቀይ ዱቄት ይዟል። አፍንጫቸውን አስጠጉና ዓይናቸው እስኪያነባ ድረስ አነጠሱ።

«ሚጥሚጣ ነው» አሉ። «ጥላዬ፣ ገመዱን አላላላትና ማድ ቤቷን ታሳየኝ።»

ማድ ቤቱ ውስጥ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ገበቴ ሙሉ ተከምሮ ጠውልጓል።

«ለጥብስ ይህ ሁሉ ሽንኩርት ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

«ወጥ ልሠራ ነበራ፣ አባቴ። አብዱልጀሊል በጠዋት ሎሚ አመጣልኝና ዶሮዋን አጥቤ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ፣ ላቁላላ ስል ጋሼ ወልደተንሣኤ መጡ። ‹ወንድሜ ተመልሶ ጫካ መግባቱ አይቀር፤ ያያትሽን የስንቅ ዶሮ ጥበሺለት፣ የተረፈውን ይይዘዋል› አሉኝ። ደስ አለኝ። እናቶቼ አንኮበር ቤተ መንግሥት ጓዳ ውስጥ ለዘማች ሲጠብሱት የኖሩት ነው፤ ከስንት ንጉሥ በፊት እንደተጀመረ እንጃ።»

«አሠራሩ እንዴት ነው?»

ወለተሐና አመነታች። «ሙያ በልብ ነው ይሉ ነበር» አለች፤ ቀጥላም «ልሞት ነው፤ ለማን እደብቀዋለሁ?» አለች። «ዶሮዋ በየብልቷ ትወጣና በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ ትታሻለች። ከዚያ ቅቤው ሳይጨስ ትገባለች። ስትወጣ ወንፊት ላይ ተደርድራ ከቤት ጀርባ ታዛው ሥር ነፋስ ላይ ትሰቀላለች። ቅቤው ጠፈፍ ካላለ ስንቅ አይሆንም።»

«ሚጥሚጣውስ መቼ ይነሰነሳል?»

«ሚጥሚጣ?» ከታሰረች ወዲህ የተቆጣችው ገና አሁን ነው። «በስንቅ ዶሮ ላይ? የእናቶቼ አጥንት ይወቅሰኛል! ዘማች ውኃ በሌለበት በረሃ አንጀቱ እንዲቃጠል ነው? በርበሬ የሚባል ነገር ዝር አይልበትም።»

«ባልሽ ‹አቃጠልሽኝ› ሲል አልሰማሽም?»

«ቀልዱ መስሎኝ ነዋ! ስንበላ አንድ ቀን ሳይቀልድብኝ ውሎ አያውቅም።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባላምባራስም እስኪወጣላት ጠበቋት።

«ወንፊቱ ታዛ ሥር ሲቆይ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«አብዱልጀሊል በቅሎዎቹን ያጠጣል፤ ጋሼ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ባሌና ጥላዬ ገና አልመጡም ነበር። እኔ ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ።»

አብዱልጀሊልን ከበቅሎዎቹ አጠገብ አገኙት። የዓሊዩ አምባ ሰው ነው፤ ጨው ይዞ ወጥቶ እህል ይዞ ይወርዳል፤ ወሬ ግን ለሁለቱም መንገድ ይበቃዋል።

«ያን ነገር ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ወላሂ ባላምባራስ፣ ለእርስዎና ለግራዝማች ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የወልደተንሣኤ አንድ ልጅ ገብረአማኑኤል ደብረ ብርሃን ምሽግ ውስጥ ታስሮ ሳለ በሁዳዴ ሞቷል። የቀበረው ሰው ራሱ ለአብዱልጀሊል ነገረው። ባላምባራስ ሲሰሙ «በሕማማት መርዶ አይነገርም፤ ፋሲካውም ይለፍለት» ብለው አሳደሩት። ኪዳነ ማርያም ትናንት ከጫካ የወረደውም መርዶው ዛሬ ማለዳ ሲነገር ከወንድሙ ጎን ሊቀመጥ ነበር።

«ወልደተንሣኤን በቅርቡ ደብረ ብርሃን አይተኸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ። በፋሲካ ሳምንት ገበያ፣ ከምሽጉ በር ሲወጡ። ፊታቸው በርቶ! ‹ልጄን ሊፈቱልኝ ነው› አሉኝ። ምን ልበላቸው? ምላሴ ተሳሰረ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አይደል የጣልያን ነገር?»

ባላምባራስ በትራቸው ላይ ተደገፉ። ነገሩ ሁሉ ገባቸው፤ ምነው ባልገባኝ አሉ በሆዳቸው።

ከቀትር በኋላ «አውጫጪኝ ይሁን» አሉና ሰዉን ሁሉ ወይራው ሥር ሰበሰቡ። ወለተሐና እንደታሰረች መሐል ተቀመጠች። ጥላዬ ደጋግሞ ፀሐይዋን ያያል።

«መርዙ ድስት ውስጥ ቢገባ ቅቤው አንድ ነው፤ ሦስቱም በሞቱ ነበር» ብለው ጀመሩ። «የሞተው ግን ፈረሰኛውን የበላው ብቻ ነው። ስለዚህ መርዙ የተጨመረው ዶሮው ተጠብሶ ታዛ ሥር ሲጠፍፍ ነው። ምሬቱ እንዳይታወቅ ሚጥሚጣ ተነስንሶበታል። ወለተሐና ብትሆን እናቶቿ በማያውቁት ቅመም ራሷን አታጋልጥም። ሚጥሚጣውን የነሰነሰው ማድ ቤት ገብቶ የማያውቅ ወንድ ነው።»

«አብዱልጀሊል ነዋ ታዲያ!» አለ ጥላዬ።

«አብዱልጀሊል ከገበታው አይበላ፤ ወጥ ሆነ ጥብስ ሆነ ምን ገዶት? እንዲያውም ወጥ ቢሆን መረቁ አንድ ነው፤ ሦስታችሁንም ይጨርሳችሁ ነበር። ጥብስ ግን ሁሉም ብልት ለየራሱ ነው። ወጡ ቀርቶ ጥብስ ይሁን ያለው፣ ከዚያው ገበታ ሊበላ ያሰበ ሰው ነው። ለአንተም ነፍስ የራራ ሰው ነው፣ ጥላዬ።»

ባላምባራስ ወደ ወልደተንሣኤ ዞሩ።

«ወልደተንሣኤ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ሳለ ወጡን ያስቀረኸው አንተ ነህ። ወንድምህ በበዓል ሰሞን ቆርሶ ሲያጎርስህ የመለስከውም አንተ ነህ። ከወንድሙ እጅ ጉርሻ የሚመልስ ምን ያለ ሰው ነው?»

ወልደተንሣኤ ተነሥቶ ቆመ፤ አልካደም።

«አፌን ልከፍትለት ነበር» አለ። «በእጁ ልሞትለት ነበር። ያን ጊዜ ልጄ ትዝ አለኝ። ‹ወንድምህን ወይ ልጅህን› ብለው ነው መርዙን የሰጡኝ። ወለተሐናን ትይዛላችሁ ብዬ አላሰብኩም። እናገራለሁ፣ እናገራለሁ እያልኩ ዋልኩ። ዛሬ ይፈቱታል። እኔን ግደሉኝ፤ እሱ ሲመጣ ግን አባትህ እንዲህ አደረገ እንዳትሉት።»

ባላምባራስ በትራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ቆሙ።

«ተቀመጥ፣ ወልደተንሣኤ» አሉት።

ተቀመጥ የሚባለው መርዶ ሊነገር ሲል እንደሆነ የማያውቅ የአገሬው ሰው የለም። ወልደተንሣኤ ዞር ሲል አብዱልጀሊል ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ አየው።

«መቼ?» አለ።

«በሁዳዴ።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ኪዳነ ማርያምስ?»

«ያውቅ ነበር። ትናንት የመጣውም መርዶውን ስትሰማ ሊይዝህ ነው።»

«ምነው ታዲያ? ምነው ሳትነግሩኝ?»

«ፋሲካው ይለፍልህ ብለን ነው» አሉ ባላምባራስ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እሳቸውኑ አሳፈራቸው።

ጥላዬ «ፍርዱ ከቀብር በኋላ» ብሎ የወለተሐናን ገመድ ቆረጠላት። ወለተሐና ተነሥታ ነጠላዋን አገለደመችና ለቅሶዋን ጀመረች፤ የባሏንና የገብረአማኑኤልን ስም እያከታተለች ትጠራ ነበር። ሰዉም አብሯት አለቀሰ። ወልደተንሣኤ ደረቱን ሊመታ እጁን አነሣ፤ ለማን እንደሚያለቅስ ግን ጠፋውና እጁን እንዳነሣ ቀረ።