የጃርሶ ኪቦርድ እና የኋላው መስኮት

ቀመር «ኡ! ኡ!» ሲል ዲንቄ ከብረታ ብረት ቤቱ ጋር የሚዋሰነውን ግቢዋን እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን ጥላ ሮጠች። የብረታ ብረት ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቀመር ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል። በትከሻው ላይ አሻግራ ስታይ የቤቱ ባለቤት ጃርሶ እዚያ በሚሠራው በልጇ በአብዲ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። እጆቹ በኪቦርዱ ላይ ተዘርግተዋል። የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም፤ ጉንጩ እንኳ ቀልቷል።

«አትግቢ!» አላት ቀመር። «ኤሌክትሪክ ነው። የልጅሽ ሽቦ ነው የጨረሰው!»

ዓይኗ ግን ወደ ሽቦው አልሄደም። ከረጅሙ የብረት መደርደሪያ ጀርባ ወዳለው የኋላ መስኮት ነው የሄደው። መዝጊያው ግጥም ብሏል። ትናንት በዝናቡ ሰዓት በገዛ እጇ ዘግታዋለች።

ዲንቄ የሮቤን ብርድ ታውቃለች፤ ከሰልንም ታውቃለች። ከሰል ውጭ ሳይግም ወደ ቤት እንደማይገባ፣ ከገባም በኋላ ቀዳዳ ሊተውለት እንደሚገባ ለልጇ ያስተማረችው እሷው ናት። ጃርሶ ደግሞ ትናንት ምድጃውን አንድዶ አሉሚኒየም ሊያቀልጥ ነበር። የሆነው ነገር ወዲያው ገባት። አፏን ግን አልከፈተችም።

ፖሊሶች መጥተው አብዲን ሲወስዱትም አልከፈተችም።

ኪቦርዱ የተጀመረው በእሷና በጓደኞቿ ምክንያት ነበር። ዲንቄ ፊደል የምትቆጥርበት የጎልማሶች ክፍል መምህር ገብረ መድኅን ተማሪዎቹን ኮምፒውተር ሊያስለምድ ሞክሮ፣ ዕድሜ ልክ እርሻና ገበያ ያደነደነው ጣት ስስ የፕላስቲክ ቁልፍ አልሰማ አለው። አንዱን ሲጫኑ ሦስት ይጽፋል። ስለዚህ ጃርሶ ዘንድ ሄዶ «ጣት የሚሰማው ነገር ሥራልኝ» አለው። ጃርሶ አሮጌ ድስትና የመኪና ሞተር ክዳን አቅልጦ ፍሬሙን በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ አፈሰሰ፤ ቁልፎቹን ከናስ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን አወጣ፤ በእያንዳንዱ ላይ ፊደሉን በመሮ ቀረጸ። ከየቁልፉ ሥር የየራሱ ሞላ አለው፤ ሲጫኑት «ጠቅ» ይላል። ሽቦውን የበየደው አብዲ ነው። የቀረው የታችኛው ክዳን ብቻ ስለነበር ሽቦዎቹ ከሥር እንደተራቆቱ ናቸው።

ኢንስፔክተር ዙሀይራ አጭር ሴት ናት፤ በሂጃቧ ላይ የዝናብ ካፖርት ደርባለች። ወደ ውስጥ እንደገባች አፍንጫዋን አሸት አሸት አደረገች፤ ከዚያ ኪቦርዱን ጎንበስ ብላ አየችው።

«እኔ ኮምፒውተር ሲበላሽ በቡጢ የምመታ ሰው ነኝ» አለች። «ይኼ ግን ያምራል። ቀመር፣ ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የሥራ ሸሪኩ ነኝ። ትናንት ዝናቡ ሳይመጣ ወደ ጎባ ወጣሁ፤ የዘመድ ለቅሶ ነበረብኝ። ዝናቡ የያዘኝ እዚያ ነው። አድሬ ጠዋት ስመለስ በሩ አልተቆለፈም፤ ገፋ ባደርገው… አላህ ይርሐመው።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ወላሂ ምንም! ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ማን ይነካል? ለዚያ ልጅ ስንቴ ነግሬዋለሁ፤ ሽቦ እንደ ክር ይጎትታል።»

ዙሀይራ መልስ ሳትሰጠው የጃርሶን እጆች በቀስታ አነሳች። የጣቶቹ ጫፎች ብረት በሚወለውሉበት ቅባት ጠቁረዋል። ከዚያ ኪቦርዱን ብድግ አድርጋ ከሥሩ ያለውን እንጨት ለረጅም ጊዜ አየች። ወደ ምድጃውም ሄዳ ተንበረከከች። አመዱ ነጭ ነው፤ በነጩ አመድ ላይ ጥቁር የጥላሸት ጓል ተበትኗል። ቀና ብላ የጭስ ማውጫውን ቱቦ አየች። ወረቀት አውጥታ ጓሉን ጠቀለለችው።

ቀጥሎ ውጭውን ዞረች። ከኋላው መስኮት ሥር፣ ውኃ በማይደርስበት በኩል፣ መዝጊያውን ደግፎ የሚይዘው ዱላ ከዲንቄ ሙቀጫና መልሳ ካቆመችው መጥረጊያ ጎን ተሰልፎ ቆሟል። ዙሀይራ ዱላውን አየች፤ መጥረጊያውን አየች፤ ዲንቄን አየች።

«አካም ቡልታን፣ ሐዳ አብዲ?» አለቻት በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ፣ የአብዲ እናት ማለቷ ነው።

«ደኅና… አልሀምዱሊላህ።»

«ይኼን ዱላ ያነሳው ሰው ሥርዓት የሚወድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጭቃው ላይ ይጥለው ነበር።»

ዲንቄ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። ‹አሁን ተናገሪ› አለች ለራሷ። ግን መጥረጊያዋን አንስታ የተጠረገውን ግቢ እንደገና መጥረግ ጀመረች። ዙሀይራ ትንሽ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ሄደች።

የጃርሶ ሚስት ሰቢሪና ግቢው ውስጥ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ቀብሩ እንዳይዘገይ ይጨነቃሉ።

«ጀናዛው ጎባ ሐኪም ዘንድ ደርሶ ከአስር ሰላት በፊት ይመለሳል፤ ቃሌ ነው» አለቻቸው ዙሀይራ። ከሰቢሪና አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እህቴ፣ ትናንት ምን ነበር?»

«ሲያመሽ ‹ያቺን የብረት ሚስትህን ታቀፍ› ብዬ ተናድጄ ተኛሁ። ሰው ብልክ ኖሮ…» ፊቷን ሸፈነች። «ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም። ‹ሰኞ ከቀመር ጋር ገሰራ እንወርዳለን፣ የጉማ፣ የደም ካሳ ጉዳይ አለ› አለኝ። የማን ደም ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።»

መምህር ገብረ መድኅን ከአጥሩ ጥግ ቆሞ መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርጋል። «እኔ ነኝ ያጣደፍኩት» አለ ሳይጠየቅ። «ለትምህርት ቤቱ በዓል ይድረስልኝ ብዬ ነዘነዝኩት። ባልነዘንዘው ትናንት ምድጃ አያነድም ነበር።»

ዲንቄ ለአብዲ ዳቦ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ዙሀይራ ቀድማት ከልጁ ፊት ተቀምጣ ነበር።

«ከኮምፒውተሩ ወደ ኪቦርዱ የሚመጣው ኃይል ሰው ይገድላል?»

«አይገድልም፤ ከእጅ ባትሪ ብዙም አይበልጥም» አለ አብዲ። ዓይኖቹ አብጠዋል። «ግን ምናልባት ኮምፒውተሩ ራሱ… ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። የበየድኩት እኔ ነኝ። እኔ እሆናለሁ የገደልኩት።»

«እንዲህ አትበል!» አለች ዲንቄ፤ ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

ዙሀይራ ዳቦውን አንስታ አራገፈችውና ለአብዲ ሰጠችው። «ዛሬ የሚገርም ቀን ነው» አለች። «ሚስትየው እኔ ነኝ ትላለች። መምህሩ እኔ ነኝ ይላል። ይኼ ልጅ እኔ ነኝ ይላል። እርስዎም ሐዳ አብዲ፣ አፍዎ ባይናገርም ፊትዎ እኔ ነኝ ይላል። ‹ይኼን ባደርግ፣ ያንን ባላደርግ› ያላለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በብረታ ብረት ቤቱ ሰበሰበቻቸው፤ አብዲም በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ጀናዛው ከጎባ ተመልሶ ታጥቧል፤ ሽማግሌዎቹ ውጭ ይጠብቃሉ።

«ሐኪሙ ያለውን ልንገራችሁ» ብላ ጀመረች ዙሀይራ። «ኤሌክትሪክ አይደለም። ጃርሶን የገደለው የከሰል መርዝ ነው። ፊቱ የቀላው ለዚህ ነው።»

«አደጋ ነዋ!» አለ ቀመር። «ታዲያ ምን ትሰበስቢናለሽ? ቀብር እንውጣ።»

«ይታገሱኝ። ጃርሶ አደጋ ብቻ ቢሆን የደረሰበት፣ ኪቦርዱ እጁ ሥር ምን ይሠራል? ጣቶቹን አይቻለሁ፤ በቅባት ጠቁረዋል። ፍሬሙን ሲወለውል ነው ያመሸው። ቁልፎቹ ናስ ናቸው፤ ናስ ደግሞ ቆሻሻ አይደብቅም። አንዱም ላይ ጥቁር ነጥብ የለም። ኪቦርዱን ባነሳው ግን…» ጠረጴዛውን አሳየቻቸው። በእንጨቱ ላይ የአሥሩም ጣቶች ጥቁር ምልክት ታትሟል። «ራሱ ሲዞርበት ተቀመጠ፤ እጁን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ፤ ሞተ። ኪቦርዱን ከሥሩ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ለምን? ጥፋቱ በአብዲ ላይ እንዲላከክ።»

ሰቢሪና ቀና አለች።

«አሁን ምድጃው። ጃርሶ ሲያቀልጥ በሩን ይዘጋል፤ ነፋስ አሸዋውን እንዳይበትንበት። አየር የሚያገኘው ከጭስ ማውጫውና ከኋላው መስኮት ነው። በአመዱ ላይ የጥላሸት ጓል አገኘሁ። እሳት እያለ ቢወድቅ ይቃጠል ነበር፤ የወደቀው ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትናንት ቱቦው ውስጥ ጨርቅ ተወትፏል፤ ጠዋት ተጎትቶ ሲወጣ ጥላሸቱን አራገፈ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የገባው ማን ነው?»

«እኔ ጎባ ነበርኩ!» አለ ቀመር። «ዝናቡ የያዘኝ ጎባ ነው፤ ለቅሶ ላይ ያየኝን ሰው ጠይቂ! ይልቅ መስኮቱን ማን እንደዘጋው ጠይቂ። ከውጭ ነው የሚዘጋው። ከአብዲ ሌላ ማን ይገባል እዚያ ጓሮ?»

ዙሀይራ ዲንቄን አላየቻትም፤ ሆን ብላ ወደ መሬት አየች።

ዲንቄ ልጇን አየችው። አብዲ አንገቱን ደፍቷል፤ ይኼንንም ሊቀበል ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጃርሶን ሳየው ገብቶኝ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ። ልጄን ሲወስዱት እንኳ ዝም አልኩ።»

«ለምን ዘጉት?»

«ዝናቡ ሲወርድ… ቀመር ነዋ! ካፖርቱን ራሱ ላይ አድርጎ ከጓሮ ወጣና ‹ሐዳ አብዲ፣ የልጅሽ ሽቦ በዝናብ ረጠበ እኮ፣ መስኮቱን ዝጊለት እንጂ› አለኝ። እሱ ካለኝ ብዬ ዘጋሁት።»

«ትዋሻለች! ልጇን ልታድን ነው!»

«ልጇን ልታድን ከሆነ ራሷን ነው የከሰሰችው» አለች ዙሀይራ። «ጎባም ደውያለሁ። ለቅሶው ላይ የደረሱት ካመሸ በኋላ ነው፤ ካፖርትዎ ውኃ ያንጠፈጥፍ ነበር። በዝናቡ ሰዓት ሮቤ ነበሩ።»

ከጃርሶ የመሣሪያ ሳጥን የተሰበረ ብረት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስብራቱ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። «የገሰራ ወፍጮ መዘውር ነው፤ እዚያም ደውዬ ጠይቄያለሁ። ባለፈው ክረምት በሥራ ላይ ፈንድቶ ወፍጮ ፈጪውን ገደለው። እዚህ ነው ቀልጦ የፈሰሰው። ጃርሶ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሰኞ ሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ ጥፋትዎን አምነው ጉማውን እንዲከፍሉ ነበር የፈለገው። አይደለም ቀመር?»

ቀመር እጁን ዘርግቶ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰ። «ቆሻሻ ብረት ቀላቅዬ ነው ያፈሰስኩት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ማን ያውቃል ብዬ። ‹ተወኝ፣ የሞተ አይመለስም› አልኩት። ‹እናቱ እስካሁን የወፍጮ ቤቱን በር ታያለች› አለኝ። በዚህች ከተማ እንዴት ብዬ ልራመድ?»

ሰቢሪና አልጮኸችም። «ይዞህ ይሄድ ነበር» አለችው። «ብቻህን አይልክህም ነበር።»

ፖሊሶቹ ቀመርን ሲወስዱት ዲንቄ የዙሀይራን ካፖርት ያዘች።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መስኮቱን ባልዘጋው ይተርፍ ነበር?»

ዙሀይራ ማለፍ ትችል ነበር። ቆመች። «ይተርፍ ነበር» አለች። «የዘጋው እጅ የእርስዎ ነው፤ ያሰበው ሰው ቀመር ነው። ሁለቱንም ይዘው ነው የሚኖሩት። አብዲን የመለሰው ግን ዛሬ የከፈቱት አፍ ነው።»

አብዲ የኪቦርዱን የታችኛ ክዳን ራሱ አፈሰሰው። ምድጃውን ሜዳ ላይ አውጥቶ፣ ሰማይ ሥር። ኪቦርዱ ክፍል የገባ ቀን መምህር ገብረ መድኅን «ማን ይጀምር?» ሲል ሁሉም ወደ ዲንቄ ዞሩ። ከተማሪዎቹ ሁሉ ‹ስሜን ልጽፍበት ነው› ስትል የከረመችው እሷ ናት።

ዲንቄ መጀመሪያ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። የሮቤ ብርድ ጥልቅ አለ።

«ኧረ ሐዳ አብዲ፣ ልትጨርሺን ነው?» አለች አንዷ ነጠላዋን እየተከናነበች።

«ቻሉት» አለች ዲንቄ።

ተቀመጠች። ቁልፎቹ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ግን ከባድና ታማኝ ነበሩ፤ ሲጫኗቸው ይመልሳሉ። ጠቅ። እየፈለገች፣ በአንድ ጣት። ጠቅ። መምህሩ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ሲያይ የእሷ ስም አልነበረም።

«ጃርሶ» ይላል።