ስለ መርማሪው ዝምታ

ስለ መርማሪ ሻምበል ደምሳሽ ከሚተርኩት ልብ ወለዶች ዘጠነኛው መጽሐፍ ሰቆጣ የገባው በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነበር፤ ለከተማው ሁሉ አንድ ቅጂ። የከተማው አንባቢዎች እየተቀባበሉ ከጨረሱት በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት አስተያየት ሊሰጡ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ተሰበሰቡ።

ልብስ ሰፊው ኪዳኑ ቀድሞ ተነሣ። «ገዳዩንስ ገና ከጅምሩ ይዤዋለሁ!» ሲል ሰዉ ሳቀ። «የሚያናድደኝ ሻምበሉ ነው። ያቺን የመድኃኒት ቤት ሴት ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ይወዳታል፤ ዘንድሮም ሳይነግራት አለቀ። ነፍሰ ገዳይ የማይፈራ ሰው ሴት ይፈራል?»

«ዝም ያለው አክብሯት ነው፤» አለ ወንዳወቅ። «ዝምታም ፍቅር ነው።»

ወንዳወቅ ከወልድያ የመጣ የውሃ ልማት ሠራተኛ ነው። ይህን ሲናገር ዓይኑ ሳያስበው ወደ መስኮቱ ሄደ። እዚያ ዘመናይ ተቀምጣለች፤ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለው የፃግብጂ ልጅ፣ በአክስቷ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የምትሠራ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ በሱቋ በኩል ያልፋል፤ የማያስፈልገውን እስክሪብቶ ይገዛል፤ «ደህና እደሪ» ብሎ ይሄዳል። ከዚህ ያለፈ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ዘመናይ እጇን አነሣች። በውይይት ተናግራ አታውቅም ነበር።

«ሻምበሉ የሰው ጫማ አይቶ ሰውየው ከየት እንደመጣ ያውቃል። የእሷን ፊት ግን አንድ ቀን አላነበበም። በየመጽሐፉ መጨረሻ እሷ የመድኃኒት ቤቱን በር የምትዘጋው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ትጠብቀው ነበር እኮ! ሁላችን ገዳዩን ስንፈልግ እሷን ያየ የለም።»

ኪዳኑ መጽሐፉን አንሥቶ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ወንዳወቅ መጻሕፍቱን ደጋግሞ አንብቧል፤ ያንን በር ግን አላየውም። ጉሙ ድንገት ሲገለጥ የተከዜን ገደል እግሩ ሥር እንዳገኘ ሰው የወንበሩን ጠርዝ ያዘ።

ሰዉ ሲበተን ደረሰባት።

«ዘመናይ፣ በሩን እንዴት አየሽው?»

«እኔስ ሱቁን የምዘጋው መቼ ይመስልሃል?» አለችና ፊቷን አዞረች። «አሁን ግን እኅቴ ይታየሽ ከቤሩት ለሥራ ጠርታኛለች። አባቴም እሺ ብሏል። ከጥምቀት በኋላ እሄዳለሁ።»

ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። «አትሂጂ። እወድሻለሁ።»

አተኩራ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሯ ግን ፈገግ አለ። «እንግዲያው ለአባቴም ንገረው።»

ወንዳወቅ ሽማግሌዎች ይዞ ፃግብጂ ሄደ። አባቷ አቶ ገብረ ሊባኖስ ከሽማግሌዎቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ረጅም ተነጋገሩ፤ እሱ አንዲት ቃል አልገባውም። በመጨረሻ ልጃቸውን አስጠርተው በአማርኛ፣

«ለእኅትሽ ቃል ገብተናል። አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት።

ዘመናይ አንገቷን አልደፋችም። «አባቴ፣ እዚሁ እቀራለሁ። ከእሱ ጋር። ለይታየሽ ራሴ እነግራታለሁ።»

አባቷ ልጃቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩዋት። ከዚያም ወደ ወንዳወቅ ዞሩ።

«እንዳለችው ይሁን፤ ወልጄ አሳድጌያት፣» አሉ፣ «ድምጿን የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ወንዳወቅ «እኔም ገና በቅርቡ ነው» ሊላቸው ፈለገ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።