ቅቤ የላሰች ዶቅዶቄ

«አፏ የቱ ጋ ነው?» አሉ አኮ ሙሚና፣ ጎንበስ ብለው ሞተር ብስክሌቷን ዙሪያዋን እየቃኙ።

ዘይቱና ሳቋ መጣ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ እሷን ተከትሎ ሰፈሩ ሁሉ አያቷን እንዲያ ይጠራቸዋል። የሰፈሩን ልጆች ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ገና የተወለደ ሕፃን ጉሮሮው እንዲለሰልስ በጣታቸው ቅቤ የሚያልሱትም እሳቸው ናቸው። አሁንም የቅቤ ቅላቸውን ታቅፈዋል። የሞተሯን መሪ ቀብተዋል፣ መብራቷን ቀብተዋል፣ መቀመጫዋን እንኳ አልማሩም። የቀራቸው ማላስ ብቻ ነበር።

«አኮ፣ ይቺ እኮ ብረት ናት!»

«ብረት ብትሆንስ? ለቤቱ እንግዳ አይደለችም? ነገ አንቺን አዝላ ሰንበቴ ከተማ፣ እህትሽ ዘንድ ልትሄድ አይደል? ዱዓ ሳይደረግላት፣ ጉሮሮዋ ሳይርስ? ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ! ነይ ልጄ፣ አፏን አሳይኝ።»

ዘይቱና አፏ የት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ታላቅ ወንድሟ አብዶ ሞተሯን ከኮምቦልቻ ከገዛ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ የምትሮጠው ወደዚህች አሮጌ ዶቅዶቄ ነው። ሻጩ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ጣሊያን ነበር። አብዶ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ስለሠራ ተጠራጣሪ ነው፤ ሰው የነዳውን ነገር ዝም ብሎ አያምንም። «ሰውዬው እንዴት እንደያዛት አላህ ነው የሚያውቀው። ከሥር ጀምረን ነው የምናያት» አለ።

ከሥር ጀመሩ። እንደ ጥላሸት የጠቆረውን የሞተር ዘይት አፍስሰው በአዲስ ተኩ። እሳት የምትጭርበትን የጠቀረሸ ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ። ሰንሰለቷን በነጭ ጋዝ አጥበው ዘይት አጠጡ፤ የላላ ፍሬኗን አጠበቁ። በመጨረሻ አብዶ ካርቡራቶሯን ፈታና መርፌ እንኳ በመከራ የሚያልፍባት አንዲት ቀዳዳ አሳያት።

«ቤንዚን የምትጠጣው በዚች ነው። አንዲት ቆሻሻ ከገባች በቃ፣ መንገድ ላይ ነው የምታስቀረን። ሰምተሻል?»

ዘይቱና ሰምታለች። የሒሳብ መምህሯን እንኳ እንዲህ ልብ ብላ አድምጣ አታውቅም። ሞተሯ የምትሄደው ወደ ቶይባ ነዋ!

ቶይባ ታላቅ እህቷ ናት። አምና ለሰንበቴው የከብት ነጋዴ ለቃሲም ተዳረች። ከቤት የወጣች ዕለት አረንጓዴ የሐር ሻሿን ከራሷ ፈትታ በዘይቱና ራስ ላይ አሰረችና ሄደች። ዘይቱና ሻሹን እስከ ዛሬ አላጠበችውም። አደስ አደስ፣ ቶይባ ቶይባ ይሸታል። ስትተኛ ከጉንጯ ሥር ታደርገዋለች። ናፍቆቷን ለማንም አታወራም፤ ብታወራ እንባዋ ይቀድማታል።

ሐሙስ ዕለት አንድ የሰንበቴ ሰው መልእክት ይዞ መጣ። ቃሲም እሑድ ገበያው ሲበተን ሚስቱን ይዞ ወደ አዋሽ፣ ወደ ቆላው ይወርዳል። መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። «ሳልሄድ ዘይቱናን አምጡልኝ» ብላለች ቶይባ። በዚያ በኩል የሚሄዱት መኪኖች የገበያ ከብት የጫኑ ናቸው፤ ሴት ልጅ የምትቀመጥባቸው አይደሉም። የቀራቸው ዶቅዶቄዋ ብቻ ነበረች።

«እንግዲያው አፏ ይሄ ነው» አለች ዘይቱና፣ የቤንዚን መያዣውን ክዳን እየከፈተች። አብዶ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት መስጊድ ሄዷል። አኮ የቀዳዳውን ከንፈር ቀባ አድርገው የሚተዉት መስሏት ነበር። አኮ ግን ለሕፃን እንደሚያደርጉት ሁሉ ምንም አልቆጠቡም። «ቢስሚላህ!» ብለው በሁለት ጣታቸው የዛቁትን ቅቤ ወደ ውስጥ ጠብ አደረጉት።

የዘይቱና ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ለአብዶ እንዳትነግሪው። ወንዶች ይሄ ነገር አይገባቸውም» አሉ አኮ፣ ጣታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። ደስ ብሏቸዋል። ቶይባ የእሳቸውም ናፍቆት ናት።

አብዶ ከመስጊድ ሲመለስ መቀመጫው ላይ ያለውን ቅቤ አይቶ ሳቀ፤ በጨርቅም ወለወለው። ዘይቱና ልትነግረው ነበር። ብትነግረው ግን «እንግዲህ ቀረ» ይላል። ቅቤ ደግሞ ይቀልጣል፣ ምን ያደርጋል? አለች ለራሷ፤ ሳትነግረውም ቀረች።

እሑድ ማለዳ አብዶ አንዴ ሲረግጣት ሞተሯ ተነሣች። ዶቅ ዶቅ ዶቅ! ዘይቱና ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። አየሽ፣ ምንም አልሆነች! አለች በልቧ። የቶይባን ሻሽ አስራ ከወንድሟ ኋላ ተቀመጠች። አኮ ለቶይባ የሚላከውን ቅቤ ጭኗ ላይ አስቀመጡላትና እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦ «ነገያን ገላ! በሰላም ግቡ።»

«ጠበቅ አድርገሽ ያዥኝ!» ብሎ ጮኸ አብዶ።

ያዘችው፤ ገና ከግቢው አልወጡም። ግን ያቺ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ከዓይኗ አልጠፋ አለች። ሞተሯ ጨፋ ሸለቆ መሃል፣ ቦርከና ረግረግ አጠገብ ቀጥ ስትል ታያት። ቶይባ ደግሞ ሰንበቴ በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ፣ ቃሲም «በቃ፣ ልንወርድ ነው» ሲላት፣ አሁንም ዞር ብላ ስታይ…

የአብዶን ጀርባ በጡጫ መታችው።

«አጥፋው! አያ አብዶ፣ አጥፋው!»

ሞተሯ ዝም አለች። ዘይቱና ወርዳ ሁሉንም ነገረችው። አብዶ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። በማለዳው ብርድ የረጋ ቢጫ ጓል ከሥሩ ዘቅጧል። ቀና ብሎ አኮን አያቸው። አኮ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል።

«ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች ዘይቱና ቶሎ ብላ።

«አቦ፣ እናንተ ሰዎች!» አብዶ ይቆጣ ይሳቅ ጠፋው። «ቅቤ ማላስ? ለሞተር?»

«ቤንዚኑ ይደፋ?» አለች ዘይቱና።

«ደፍተን ሌላ ከየት እናመጣለን? ያለው ኮምቦልቻ ነው። ማጥለል ነው የሚሻለው፤ የሟሟው ቅቤ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፣ የምንፈራው ጓሉን ነው። ግን ነጠላ አይሆንም፣ ክሩ ሳሳ ያለ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ነገር፣ ሐር ምናምን…» ዓይኑ ራሷ ላይ አረፈ፤ ወዲያው ዞር አደረገው። «ተይው። ሌላ ጨርቅ እንፈልጋለን።»

ስለ ሻሹ የማያውቅ በዚያ ቤት የለም። ሌላ ሐር ደግሞ የለም። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ላይ ወጥታለች።

ዘይቱና ሻሹን ፈታችው። ፊቷ ላይ አድርጋ አንዴ ብቻ፣ ሳንባዋ እስኪሞላ ሳበችው። አሁንም ቶይባ ቶይባ ይላል። ከዚያ ለሁለት አጥፋ አብዶ ባቀረበው ሳፋ ላይ ዘረጋችው።

«ኧረ ዘይቱና፣ የቤንዚኑ ሽታ አይለቅም እኮ» አለ አብዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኋላ እንዳይቆጭሽ።»

«ከደረስን ቶይባን ራሷን አሸታታለሁ።»

«ካልደረስንስ?»

ዘይቱና የሻሹን ጫፎች በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች።

«አፍስስ» አለች።