ያልተከፈተው ግንብ

አርክቴክት ፌርሚን ኦላሳባልን በአሮጌው ዩኒቨርሲቲ ግንብ ሥር በጀርባው ተንጋልሎ ሞቶ ያገኙት ጠዋት ሥራ የገቡት ግንበኞች ናቸው። ነጩ የድንጋይ ግንብ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ከአሬኪፓ ከተማ ገበያ ይለያል። ፌርሚን ይህን ግንብ አፍርሶ ተማሪውም ሻጩም የሚመላለስበት አደባባይ ሊያወጣ ፕላን ነድፎ፣ ከላይ ጥቂት ድንጋዮች አስነስቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ኔሊዳ ፓውካር የግንበኞቹ ርብራብ ላይ ወጣች። መከላከያው እንጨት ወገቧ ድረስ መጣ። ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«አዳልጦት ይሆናላ» አለ ከታች የቆመው ፖሊስ።

«ያዳለጠው ሰው በእንጨቱ ሥር ይሾልካል። እሱ በላይ ነው የሄደው፤ ያውም በጀርባው። ፊቱን ወደ አንድ ሰው አዙሮ እያወራ ነበር።»

ጭማቂ ሻጯ ኢላሪያ ድንኳኗ ከግንቡ ጋር የተጣበቀ ነው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ምን አዩ?» አለቻት ኔሊዳ።

«ልጄ፣ እኔ ፓፓያዬን እንጂ ሰማይ አላይም። ድምፁን ግን ከላይ ከርብራቡ ሰምቻለሁ። በስልክ ‹እሺ፣ ተስማምቻለሁ› አለ፤ ለቅሶ ላይ እንዳለ ሰው። ከዚያ ዘግቼ ሄድኩ።»

«ግንቡ ቢከፈት ደስ ይልዎት ነበር?»

«ቢከፈት ቦታው እንዲያምር ብለው ያባርሩናል። ባይከፈት እንዲሁ እንኖራለን። ለኛ ምን ይለወጣል ብለሽ ነው?»

ፕሮፌሰር ሮሳውራ ቴሃዳ ፕላኑን ከፌርሚን ጋር የነደፈች ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ትናንት ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ። አላገኘሁትም፤ ስልክም አልደወለልኝም።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ባሬዳን ጠይቂው። ያንን የብረት በር አንገቱን አንቀው ፕላኑ ውስጥ ያስገቡበት እነሱ ናቸው።»

ኔሊዳ የተናገረችውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት አንሴልሞ ባሬዳ ከሊማ የመጣው በዚያው ጠዋት አውሮፕላን ነው።

«የደወልኩለት እኔ ነኝ» አለ። «ግንቡ እንዲሁ ክፍት ከሆነ ገንዘብ የለም አልኩት። የብረት በር ይግባ፣ መታወቂያ ያለው ብቻ ይለፍ። ተስማማ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ለቦርዱ ዛሬ ነበር የምነግረው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በፌርሚን ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር ባሬዳ ሊማ ነበሩ፤ አየር መንገዱም ሆቴሉም አረጋግጠዋል። እማማ ኢላሪያ ያንን መሰላል በጉልበታቸው መውጣት አይችሉም። ፌርሚን ስለ ብረት በሩ የሰማው ርብራቡ ላይ ቆሞ ነው። ከዚያ በኋላ ከስልኩ የወጣም የገባም ጥሪ የለም፤ መልእክትም የለም። ከርብራቡ በሕይወት አልወረደም። እርስዎ ግን ፕሮፌሰር፣ ዶክተሩን ሳያገኙ ስለ በሩ ነገሩኝ። ያንን ሊነግርዎ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ የሚነግርዎም እዚያው ላይ ብቻ።»

ሮሳውራ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«የሄድኩት ላያቸው ነበር፤ የተነሡትን ድንጋዮች» አለች። «‹በር ከምንም ይሻላል› አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ይህ ግንብ ይወድቃል ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ‹ጠባቂ ይቆምበታል እንጂ ክፍት ነው› አለኝ ደግሞ። ዝም እንዲል ነበር የፈለግሁት። ገፋሁት።»

ኢላሪያ በመሃረቧ አፏን ሸፈነች።

«አሁን ድንጋዮቹ የተነሡበትን ክፍተት ምን ታደርጉታላችሁ?» ሮሳውራ ወደ ባሬዳ ዞረች።

«ይደፈናል። ሰው የሞተበትን ሥራ ቦርዱ አይቀጥልም። በሩም ቀረ።»

«በሩም?»

«በሩም።»

የፖሊስ መኪናው የቆመው በገበያው በኩል ነበር፤ ከቢሮው መስኮት ቁልቁል ይታያል። ኔሊዳ የሮሳውራን ክንድ ይዛ በዋናው በር አወጣቻትና ግንቡን ተከትለው ዙሪያውን ሄዱ። ከላይ ግንበኞቹ የተነሡትን ድንጋዮች እየመለሱ ነበር።