አረንጓዴው ሼቬል

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አትላንታ አጠገብ ዲካተር ባለው ትልቁ የአትክልት ገበያ የመኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው። ኤልዳና ሁለቴ ዞራ አንድ ጥግ ላይ ክፍት ቦታ አገኘች። ከጎኗ ግራጫ የመሠረት ቀለም ብቻ የተቀባ፣ ረጅም፣ ሁለት በር ያለው አሮጌ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። አንድ ወጣት ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። ስትወርድ ቀና አለ።

«ይቅርታ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«ኬብል ይኖርሻል? ባትሪዋ ሞታብኝ ነው።»

ነበራት። አባቷ በሕይወት ሳለ መኪናዋ ውስጥ ያስቀመጠላት ኬብል ነው፤ አንድም ቀን ተጠቅማበት አታውቅም። የራሷን ኮፈን ከፈተችና ሁለቱን ሞተሮች ተራ በተራ አየች።

«ይሄ ሁሉ ሞተር በእኔ ኮሮላ ሊነሳ ነው?» አለች ቀስ ብላ። ከተናገረች በኋላ ራሷ ደነገጠች። ከማታውቀው ሰው ጋር ቀልዳ አታውቅም።

«ለማንም እንዳትናገሪብኝ» አለ ወጣቱ።

መኪናው ሲነሳ ድምፁ ከጆሮዋ ይልቅ ደረቷን ነካት። ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ዞረው አዩ። ወጣቱ ሸሽታ እንደሆነ ሊያይ ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን ፈጥኖ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

«እኔ ክሊኒክ ውስጥ የጆሮ ምርመራ ነው የምሠራው» አለችው። «አንተ ብዙ ደንበኛ ታመጣልኛለህ።»

ስሙ ነቢዩ ነበር። መኪናው የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሞዴል ሼቬል የሚባል የአሜሪካ መኪና ነው። አባቱ ተስፋጽዮን አትላንታ በገባ ሰሞን፣ ጩኸቱና ነዳጁ ካስመረረው አሜሪካዊ ጎረቤቱ የገዛው ነው። ቤተሰቡ ወደ ኦሃዮ ሲሄድ መኪናው ታከር ከተማ ውስጥ ጋራዥ ባለው በጓደኛው በአቶ አምባቸው ግቢ ሸራ ለብሶ ቀረ፤ ከሃያ ዓመት በላይ። አባቱ ሲሞት ነቢዩ ሊሸጠው መጣ። ሸራውን ገልጦ አየው፤ መሸጥ አቃተው። ስማይርና ከተማ የኮምፒውተር ሥራ ያዘና ቅዳሜና እሑዱን ለአቶ አምባቸው ጋራዥ ሰጠ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ፈትተው እንደገና ሠሩት።

«ሮዳጅ ላይ ነች» አሉት አቶ አምባቸው። «አዲስ የተሠራ ሞተር ገና ሳይላመድ ካቻኮልከው ዕድሜ ልኩን ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። ሀይዌይ እንዳትወጣ። ቀስ፣ ፈጠን፣ ደግሞ ቀስ እያልክ በየሰፈሩ አዙራት።»

ለብቻ መዞር ይሰለቻል አለና ገበያው ላይ ስልኳን የተቀበላትን ኤልዳናን ጠራት።

እንዲህ ሆኖ በየቅዳሜው አቮንዴል እስቴትስ ውስጥ፣ በሐይቁ ዙሪያ፣ ከዚያም በጥድ በተከበቡት የስቶን ማውንቴን መንገዶች ይዞሩ ጀመር። ነቢዩ ይነዳል። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

«አንቺ ግን ሁሌ እንዲህ ዝም ነው የምትዪው?»

«እየሰማሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን። በኔ በኩል አንዱ ይንተባተባል።»

ዳር ይዞ አቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ ቆየና አንዱ ካንዴላ እንደላላ አየ። አጥብቆት ሲመለስ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«የእማዬን ድምፅ አላስታውሰውም» አለ። «ልጅ ሆኜ ነው የሞተችው። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። አባዬን ስለሷ ስጠይቀው ተነስቶ ከቤት ይወጣ ነበር። ምን እንደምትወድ፣ ማን ጓደኛዋ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው የለም። የቀረችኝ ይቺ መኪና ነች።»

ኤልዳና እጇን አንስታ ማርሹ ላይ ባለው እጁ ላይ አደረገች፤ ወዲያው ደግሞ መለሰችው። ነቢዩ ቤንዚኑ ስንት እንደቀረ የሚያሳየውን ሰዓት ማየት ጀመረ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ቀለም የሚቀባበት ጊዜ ሲደርስ ጥቁር ሊያደርገው አስቦ ነበር። ኤልዳና ግን በበሩ ማጠፊያ ሥር ሳይፋቅ የቀረ አረንጓዴ አየች።

«የነበረውን ለምን አትመልስላትም?»

መለሰላት። ጥልቅ አረንጓዴ፣ ኮፈኑ ላይ ሁለት ነጭ መስመር። አቶ አምባቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ተስፋጽዮን ከመቃብር የተነሳ መሰለኝ» አሉ።

አንድ ቅዳሜ አቮንዴል ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

«ሮዳጁ አለቀ» አለ። «እንግዲህ በምን ሰበብ እጠራሻለሁ?»

ኤልዳና ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሳምንቱን ሙሉ ተለማምዳ ነበር።

«ሰበብ አያስፈልግህም።»

በጋው ሳይጋመስ ነቢዩ ሽማግሌ ላከ። የኤልዳና አባት ስለሌለ ሽማግሌዎቹን የምትቀበለው እናቷ ወይዘሮ ዘሪቱ ነበረች። እጮኛ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ነቢዩ ግን መኪናውን ለሌላ ሰው ማስነዳት አልሆነለትም፤ «አድርሻቸው ውጪ እጠብቃለሁ» አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከጠባቡ የኋላ ወንበር እየተጎተቱ ሲወጡ ኤልዳና በመስኮት አየቻቸው።

«ጉልበቴን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ጥዬው መጣሁ» ሲሉ አቶ አምባቸው ተሰማ። «ልጅቷን ካልሰጡን በእግሬ ነው የምመለሰው።»

እንደ ወጉ ገብተው ቆሙ፤ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አሉ። ወይዘሮ ዘሪቱ ግን አላየቻቸውም። የሞተሩ ድምፅ ከተሰማ ጀምሮ ፊቷ ተለውጧል። በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ ወደ ውጪ ወጣች። ኤልዳና ተከተለቻት።

ነቢዩ ፈጥኖ ከመኪናው ወረደና እጅ ነሳ።

«ይህን መኪና ከየት አመጣኸው፣ ልጄ?»

«የአባቴ ነው፣ እማማ ዘሪቱ።»

«ያኔ በሐበሻ መሃል እንዲህ የሚጮህ መኪና የነበረው አንድ ሰው ነው» አለች ወይዘሮ ዘሪቱ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «የእናትህ ፎቶ አለህ?»

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ወይዘሮ ዘሪቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አረንጓዴውን ጣሪያ በእጇ ዳሰሰች፤ ያ የክርስትና ቀን ትዝ አላት።

ኤልዳና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ፣ ልታነሳት ቃል የገባችው ሴት ከሥራ አልለቅ ብለዋት ቀረች። ዘሪቱ ለአገሩ እንግዳ ነች፤ ባሏ ደግሞ የዶሮ ፋብሪካ ተረኛ ነበር። ጥምቀቱ ሊጀመር ሲል አጠገቧ የቆመችን የማታውቃትን ሴት «እባክሽን ልጄን አንሺልኝ» ብላ ለመነቻት። ሴትዮዋ ሳታመነታ ሕፃኗን ታቀፈች። ቤታቸው ያደረሳቸው የሴትዮዋ ባል ነው፣ በአረንጓዴ መኪና። ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ለቀው ሄዱ፤ ስልካቸውም አልሠራ አለ።

«እናትህ ነች ያነሳቻት» አለች ወይዘሮ ዘሪቱ። «ስሟም እታገኝ ነበር። አንተም ኋላ ወንበር ላይ ተኝተህ ነበር።»

ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ክርስትና ያነሳች እናት ናት፤ የእናት ልጅ ደግሞ ወንድም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያሉትን አታጋባም።

ወይዘሮ ዘሪቱ ወደ ቤት ተመለሰችና ሽማግሌዎቹን «ጊዜ ስጡን» አለቻቸው። ሌላ አልጨመረችም። ሳይቀመጡ ሄዱ።

ኤልዳና በሳምንቱ የንስሐ አባታቸውን አነጋገረች። የአንዲት ጓደኛዋን ጉዳይ አስመስላ ጠየቀች። ቄሱ አቀርቅረው ሰሟት።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። ቀጥለውም በጣም ቀስ ብለው፣ «ጓደኛሽን አባ አዝነውልሻል በያት።»

ነቢዩ ግን መምጣት አልተወም። የሚመጣው ለወይዘሮ ዘሪቱ ነው። ከሥራ በኋላ ብቅ ይልና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃታል። እማዬ ምን ለብሳ ነበር? ምን አለች? ድምፅዋ ቀጭን ነው ወፍራም? ወይዘሮ ዘሪቱ አንድ ቀን ብቻ ያየቻትን ሴት እያስታወሰች ትነግረዋለች። መንገዱን ሙሉ ሕፃኗን ታቅፋ ስታንጎራጉርላት እንደነበር፣ ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ያለ እንደሆነ፣ ከመኪናው ስትወርድ ደግሞ ያለችውን፦

«‹ወንድ ብቻ ነበር ያለኝ፤ ዛሬ ሴት አገኘሁ› አለችኝ።»

ኤልዳና ይህን ከመኝታ ክፍሏ ሰማች። ነቢዩ ይስቅ ወይም ያለቅስ እንደሆነ፣ ከድምፁ መለየት አልቻለችም። ጆሮዋን ተጠራጥራ አታውቅም ነበር።

ኤልዳና ቀን በቀን ስትከሳ እናቷ አየች። አንድ ጠዋት የኤልዳና አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ሽማግሌዎቹ አያውቁም። እታገኝም ተስፋጽዮንም የሉም። እኔ ዝም እላለሁ።»

«እማዬ።»

«ሌላ ስቴት ሂዱ፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ሦስታችን ካልተናገርን ማን ያውቃል? ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ። ሂጂ ንገሪው።»

ኤልዳና እናቷ ጾም ገድፋ አይታ አታውቅም። እናቷ ለእሷ ስትል የምታፈርሰው ምን እንደሆነ ገባት። ቢሆንም ተነስታ ለበሰች፤ መንገዱን ሁሉ የምትነግረውን ቃል እየደገመች ወደ ታከር ነዳች።

ነቢዩ ጋራዡ ደጃፍ ላይ መኪናውን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ሲያያት ጨርቁን አስቀመጠ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ። ኦሃዮ ልወስዳት ነው፣ እማዬ መቃብር ድረስ። ሞተሯ አሁን ይችላል።» ትንሽ አሰበ። «አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ልጇ ነሽ፣ አይደል? ልጅ ሆኜ እህት ባላቸው ልጆች እየቀናሁ ነው ያደግኩት። አንቺ እዚህ ነበርሽ።»

ይህን ሲል ያያት ነበር። ቀጥ ብሎ፣ ሳያፍር፣ ዓይኑን ሳይሰብር ያያት ነበር። ከተዋወቁ ጀምሮ ይህን ያህል ጊዜ አይቷት አያውቅም። በዓይኖቹ ውስጥ ሐዘን አለ፤ ዕረፍትም አለ። ሲፈልግ የኖረውን ያገኘ ሰው ዓይን ነው። ኤልዳና ያ ከዚህ በፊት ከእሷ ይሸሽ የነበረው ዓይን የት እንደገባ ፈለገችው፤ አጣችው።

አሁን ብትናገር እሺ ሊላት ይችላል። ደግ ሰው ነው፤ ስለሚያዝንላት እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ እናቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሰው አይኖረውም፤ የእታገኝ ስም በቤታቸው ሊነሳ አይችልምና።

«አንቺ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?» አለ።

ጋራዡ ውስጥ የሆነ ሰው ጎማ ይነፋል። ኤልዳና የመንፊያው ድምፅ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እማዬ እሑድ ምሳ ና ብላሃለች።»

«እመጣለሁ በያት።»

እሑድ ወይዘሮ ዘሪቱ ምግቡን አቀረበች። ሦስቱም ተቀመጡ። ነቢዩ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ወይዘሮ ዘሪቱ ‹ነገርሽው?› በሚል ዓይን ኤልዳናን አየቻት። ኤልዳና ራሷን በጣም በትንሹ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

የውኃው ድምፅ ቆመ። ነቢዩ እጁን እያደረቀ ተመለሰና ተቀመጠ። ወይዘሮ ዘሪቱ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

«ብላ፣ ልጄ» አለችው።